ከሰደድ እሳቱ በኋላ የሚመጣውን ጎርፍ አንዘንጋው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁ በቅርቡ በሎስ አንጀለስ አካባቢ በሰደድ እሳት ስለወደሙት ስለ አልታዲናና ስለ ፓሲፊክ ፓሊሴድስ መልሶ ግንባታ ያወጣውን ዘገባ በጥሞና አነበብኩት። ስለ ግንባታ ፈቃድ መጓተት፣ ስለ ኢንሹራንስ ክርክር፣ ቤታቸው ተቃጥሎ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስለሚንከራተቱ ወገኖቻችን የተጻፈው ሁሉ ትክክልም አስፈላጊም ነው። ሆኖም ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ስለ ዝናብ የተነሳ ነገር አላገኘሁም። እኔ የምኖረው በአልታዲና ምዕራባዊ ክፍል፣ ከሳን ገብርኤል ተራሮች ግርጌ ነው። ቤታችን ከእሳቱ ተርፏል፤ ከበላዩ ያለው ተራራ ግን አልተረፈም። በዚህ በ2025 ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ገና የመጀመሪያው የዝናብ ደመና ሲመጣ በተቃጠሉት አካባቢዎች ለምንኖር ሰዎች የጎርፍና የጭቃ ናዳ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል። ማኅበረሰባችን ስለ እሳቱ አሁንም ያወራል፤ እሳቱ ስላስከተለብን ሁለተኛ አደጋ ግን በቤተ ክርስቲያንም፣ በእድርም፣ በቡና ላይም ሲነሳ አልሰማሁም። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

በአገር ቤት ያሉ አንባቢዎቻችሁ እንዲረዱት ያህል፣ ሎስ አንጀለስ ዝናብ የምታገኘው አገራችን በጋ በሆነበት ጊዜ፣ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ከእሳቱ በፊት የነበሩት ሁለት የዝናብ ወቅቶች ከተለመደው በላይ ዘንበው፣ ሣሩና ቁጥቋጦው በየተራራው ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2024 መጀመሪያ አንስቶ እሳቱ እስከተነሳበት ቀን ድረስ በመሀል ከተማው የዘነበው ዝናብ በሙሉ ተደምሮ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በሁለት ዓመት የበቀለው ሁሉ በስምንት ወር ደርቆ ጭድ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ ጃኑዋሪ 7 ቀን 2025 ሳንታ አና የሚባለው ከበረሃው የሚነሳ ደረቅ ነፋስ በተራሮቹ ላይ በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ እየገረፈ ወረደ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ በፓሲፊክ ፓሊሴድስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ አልፎ ደግሞ በእኛ በኩል በኢተን ሸለቆ እሳት ተነሳ። ሁለቱ እሳቶች 31 ሰዎችን ገድለው፣ ከ16,000 በላይ ቤቶችንና ሌሎች ሕንፃዎችን አወደሙ። ከሟቾቹ 19ኙ የእኛው የኢተን እሳት ሰለባዎች ነበሩ።

ስለዚያ ሌሊት ብዙ ስለተባለ እኔ አልደግመውም። አንድ ነገር ግን ለማነሳው ጉዳይ መሠረት ስለሆነ ልጥቀሰው። እሳቱ የተነሳው ገና ሲመሽ ሆኖ ሳለ፣ ሌክ አቬኑ ከሚባለው ጎዳና በስተ ምዕራብ ለምንኖረው ሰዎች የመውጫ ትእዛዝ የደረሰን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነበር። በኢተን እሳት የሞቱት ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ በእኛ በኩል የነበሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም አረጋውያንና መንቀሳቀስ የሚቸግራቸው ነበሩ። ይህ በአደባባይ የተመረመረና የታወቀ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ አደጋው ከማስጠንቀቂያው ሊቀድም እንደሚችልና፣ ሲቀድምም የሚጎዳው በዕድሜ የገፋው፣ ብቻውን የሚኖረውና ቋንቋ የማይችለው ሰው መሆኑን ነው። በዝናቡም ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው፤ እንዲያውም የጭቃ ናዳ የሚሰጠው ጊዜ ከእሳቱ ያነሰ ነው።

እሳቶቹ ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ዋሉ የተባለው በጃኑዋሪ 31 ነው። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 13፣ የዚያ ወቅት ኃይለኛ ዝናብ መጣ። እናቴ በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር ነበረች። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ሲጠቁርና የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መስኮቱን ሲመቱት፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ «እሰይ፣ ምሕረቱን አወረደልን» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች። በዚያው ቅጽበት የኔም የባለቤቴም ስልክ ያንን የሚያስደነግጥ የአደጋ ጊዜ ድምፅ ያሰማ ነበር። ከቤት እንውጣ ስንላት ለረጅም ጊዜ ግራ ገባት። ከእሳት ሸሽታ የወጣች ሴት፣ አሁን ደግሞ ከዝናብ ሽሺ ስትባል እንዴት ይገባታል? እሳቱን የሚያጠፋው ዝናብ አይደለም ወይ?

የእናቴ ጥያቄ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው፤ እኔም በዚህ ደብዳቤ ልመልስ የምሞክረው እሱኑ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ምሕላ ይዞ የሚለምን፣ ሲመጣ ደግሞ እልል ብሎ የሚቀበል ሕዝብ ነን። ከዝናብ ጋር ያለን ግንኙነት የገበሬ ልጆች ግንኙነት ነው፤ አስፋልት ላይ ያደግነው እንኳ ይህን ከወላጆቻችን ወርሰነዋል። ስለዚህ ዝናብን በረከት ብሎ ለሚያውቅ ሰው፣ «ሊዘንብ ነውና ቤትህን ጥለህ ውጣ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ስሜት አይሰጠውም። ማስጠንቀቂያውን ችላ የሚለው ከስንፍና ወይም ከግትርነት ሳይሆን ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ተቃራኒውን ስለሆነ ነው። ይህንን የሚያስረዳው ሰው ደግሞ የካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው መስተዳድር፣ መሥሪያ ቤት ሊሆን አይችልም። የእኛው ሰው፣ በእኛው ቋንቋ ሊያስረዳው ይገባል።

ተራራው ከተቃጠለ በኋላ ለምን እንደሚከዳ ነገሩ እንዲህ ነው። በደህናው ጊዜ ቁጥቋጦው ዝናቡን በቅጠሉ ተቀብሎ ኃይሉን ይሰብረዋል፤ የረገፈው ቅጠል እንደ ምንጣፍ ሆኖ ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ አፈሩ ያሰርገዋል፤ ሥሩ ደግሞ አፈሩን ጨምቆ ይይዘዋል። እሳቱ እነዚህን ሦስቱንም በአንድ ሌሊት ይወስዳቸዋል። ከዚያም በላይ፣ በእነዚህ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ቅጠሉ ቅባትና ሰም የበዛበት ስለሆነ፣ ሲቃጠል ያ ሰም ተንኖ ወደ አፈሩ ይገባና ከላዩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይረጋል። እዚያ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ይፈጠራል። ዝናቡ ሲወርድ የላይኛው ስስ አፈርና አመድ ይርሳል፤ ውሃው ግን ከዚያ በታች መግባት ስለማይችል አመዱን፣ አፈሩን፣ ጠጠሩን ይዞ ቁልቁል ይንደረደራል። በየሸለቆው እየተሰበሰበ ሲሄድ ቋጥኝ ያነሳል፣ ግንድ ያነሳል፣ ከታች ሲደርስም መኪና ያነሳል። ይህ በአገራችን የምናውቀው ዓይነት የደፈረሰ ጎርፍ አይደለም። ቋጥኝ የሚያንሳፍፍ፣ ግንብ የሚያፈርስ የጭቃ ናዳ ነው።

የሚያስነሳውም ለብዙ ሰዓት የሚዘንብ ዝናብ አይደለም። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ካካፋ ይፈራሉ፣ ድንገት ለአጭር ጊዜ ሲወርድ ደግሞ «ያልፋል» ብለው ይቀመጣሉ። በተቃጠለ ተራራ ላይ ግን አደገኛው ያ አጭሩ ውርጅብኝ ነው። ባለሙያዎቹ የሚለኩት ዝናቡ በ15 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚወርድ ነው። በአንድ ሰዓት 12 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ከወረደ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቢሆን እንኳ፣ ናዳ ሊነሳ ይችላል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአባቶች አባባል ለዚህ ናዳ አይሠራም፤ እያሳሳቀ የሚወስድበት ጊዜ የለውም።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ከእኛ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በሳንታ ባርባራ አጠገብ በምትገኘው በሞንቴሲቶ የደረሰው ነው። በዲሴምበር 2017 የተነሳው ቶማስ የተባለው እሳት ወደ 114,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት አቃጥሎ፣ ከ1,000 በላይ ሕንፃዎች አውድሞ፣ የሁለት ሰዎችን ሕይወት ወሰደ። ከዚያ በጃኑዋሪ 9 ቀን 2018፣ እሳቱ ገና ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ዋለ ሳይባል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ከሞንቴሲቶ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ 14 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ወረደ። ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ትንሽ ይመስላል። በአንድ ሄክታር ላይ ግን ወደ 140,000 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ ያውም በአምስት ደቂቃ፣ ያውም ውሃ በማይጠጣ መሬት ላይ። ናዳው ቤት የሚያህሉ ቋጥኞችን ይዞ በመኖሪያ ሰፈሮቹ መካከል እስከ ባሕሩ ወረደ። 23 ሰዎች ሞቱ። ዋናው አውራ ጎዳና ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘጋ። እሳቱ ሁለት ሰው፣ ዝናቡ 23 ሰው። ከሞቱት መካከል የግዴታ ትእዛዝ ባልተሰጠበት፣ «ብትወጡ ይሻላችኋል» በተባለበት ክልል የነበሩም ይገኙባቸዋል። በእሳቱ ጊዜ ለቀናት ቤታቸውን ለቅቀው ከርመው፣ ተመልሰው ትንፋሽ ሳይሰበስቡ እንደገና ውጡ የተባሉ ሰዎች ነበሩና፣ ብዙዎቹ ሰልችቷቸው እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ያን ድካም እኛም እናውቀዋለን።

ወደ ራሳችን ተራራ እንመለስ። ሳን ገብርኤል ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው አይደለም። በ1933 መኸር ከላ ክሬሴንታ በላይ ያለው ተራራ ተቃጠለና፣ በአዲሱ ዓመት መግቢያ፣ በጃኑዋሪ 1 ቀን 1934 እኩለ ሌሊት ላይ የወረደው ናዳ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ ከዝናቡ ለመሸሸግ ወደ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ገብተው የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ አዳራሹ የቆመው ናዳው በሚያልፍበት መስመር ላይ ስለነበር እዚያው ደረሰባቸው። ከዚያ በኋላ ካውንቲው ከየሸለቆው አፍ ላይ ጭቃና ድንጋይ የሚያቆሩ ትልልቅ ጉድጓዶች ከነግድባቸው ሠራ። ዛሬ በተራራው ግርጌ በመኪና ስናልፍ ባዶ ሜዳ የሚመስሉን፣ በሽቦ የታጠሩት ቦታዎች እነሱ ናቸው። ብዙ ሕይወት አትርፈዋል። ነገር ግን የመያዝ አቅማቸው ልክ አለው። በ2009 ስቴሽን የተባለው እሳት ወደ 65,000 ሄክታር የዚሁኑ ተራራ ካቃጠለ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2010 ሌሊት በላ ካንያዳ ከነዚህ ማቆሪያዎች የአንዱ መውጫ በትልቅ ቋጥኝ ተደፈነና፣ ጭቃው ግድቡን ተሻግሮ ከ40 በላይ ቤቶችን ጎዳ። የዚያን ሌሊት ዝናብ ከተተነበየው በላይ ነበር፤ ነዋሪዎቹም አስቀድመው እንዲወጡ አልታዘዙም ነበር። እሳቱ የተነሳው በኦገስት፣ ናዳው የመጣው በፌብሩዋሪ ነው። ላ ካንያዳ ከእኛ ቤት በመኪና የአጭር ጊዜ መንገድ ነው።

ባለፈው ፌብሩዋሪ ታላቅ የሰው እልቂት ሳይደርስ ቀርቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በማሊቡ በኩል ግን ናዳው የአንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛን መኪና ከአውራ ጎዳናው ጠርጎ ባሕር ውስጥ ከቶታል፤ ሰውዬው በሕይወት ወጥቷል። እኛ በማግስቱ ጠዋት ከዘመድ ቤት ተመልሰን ስንመጣ የሰፈራችን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ጭቃ ተሸፍኖ ነበር። አካፋ ይዤ ከበራችን ፊት ያለውን መጥረግ ስጀምር፣ አካፋው በየጊዜው ከአንድ ነገር ጋር ይጋጭ ነበር፤ የቤት ምስማር፣ የቀለጠ ብርጭቆ፣ የሸክላ ንጣፍ ስባሪ፣ የበር እጀታ። ከተራራው የወረደው አፈር ብቻ አልነበረም፤ ከበላያችን የተቃጠሉት ጎረቤቶቻችን ቤቶች ነበሩ። ሽታው የእሳቱ ሽታ ነው፤ ግን የረጠበ፣ የከበደ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። እነዚያ አሮጌ ቤቶች ሲቃጠሉ በቀለማቸው ውስጥ የነበረው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረትና በግድግዳቸው ውስጥ የነበረው አስቤስቶስ የተባለው ሳንባ የሚጎዳ ቁስ በአመዱ ውስጥ ቀርቷልና፣ ጓንት፣ ቦት ጫማና ደህና ጭንብል ሳያደርግ ማንም ያንን ጭቃ መንካት የለበትም። ሕፃናትም በባዶ እግራቸው እንዳይረግጡት። ይህን የምለው በአንዳንድ ግቢዎች ልጆች ሲጫወቱበት ስላየሁ ነው።

በመንግሥት በኩል ፍርስራሹ በአብዛኛው ተነስቷል፤ ማቆሪያዎቹም ተጠርገዋል፤ በየመንገዱ ዳር የሲሚንቶ መከለያዎች ተደርድረዋል። የተሠራውን ሥራ አለማመስገን ነውር ነው። ተራራው ግን በአንድ ዓመት አያገግምም። ከእሳት በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት እጅግ አደገኛ ናቸው፤ ሥጋቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቀንስ እስከ አምስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ «ባለፈው ዓመት ደህና አሳልፈነዋል» የሚለው ማጽናኛ መሠረት የለውም። ባለፈው ዓመት የእሳቱ ወሬ ትኩስ ስለነበር ሁሉም ነቅቶ ይጠብቅ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ተዘናግተናል፤ ተራራው ደግሞ ያው ተራራ ነው።

አንባቢዎች ሊያውቁት የሚገባውን ዋና ዋናውን ልግለጽ። ካውንቲው ለተቃጠሉት አካባቢዎች ዝናብ በመጣ ቁጥር የጭቃና የናዳ ትንበያ ያወጣል፤ በሦስት ደረጃዎችም ይከፍለዋል። ደረጃ 1 ሲባል አንዳንድ መንገዶች በጭቃ ሊዘጉ ይችላሉ ማለት ነው፤ ደረጃ 2 አንዳንድ ቤቶች ሊጎዱ የሚችሉበት ነው፤ ደረጃ 3 ብዙ ቤቶች አደጋ ላይ የሚወድቁበት ነው። ከዚህ ሌላ በስልክ የሚመጡት መልእክቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ተዘጋጁ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛው አሁኑኑ ውጡ የሚል ትእዛዝ ነው። አረጋውያን፣ ሕሙማን፣ ሕፃናት ያሏቸው እናቶችና መኪና የሌላቸው ሰዎች ትእዛዙን መጠበቅ የለባቸውም፤ በማስጠንቀቂያው መውጣት አለባቸው። በምዕራብ አልታዲና የሆነውን ያየ ሰው ይህን ከቁም ነገር ሊወስደው ይገባል። መውጣት ያለብንም ከመጨለሙ በፊት፣ ዝናቡ ሳይጀምር ነው፤ ከጀመረ በኋላ መንገዱ ራሱ የናዳው መሄጃ ይሆናል። በየእሳት አደጋ ጣቢያው የአሸዋ ጆንያ በነፃ ይሰጣል። ጆንያው የሚሞላው እስከ አፉ ሳይሆን ከግማሹ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው፤ ያኔ ተስተካክሎ ይደረደራል። ግን የአሸዋ ጆንያ ውሃ ከበር ይመልሳል እንጂ ቋጥኝ አያቆምም፤ ጆንያ ደርድረናል ብሎ ቤት ውስጥ መቅረት አደገኛ ነው።

ስለ ኢንሹራንስ ባጭሩ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። በፌዴራሉ መንግሥት በኩል የሚገዛው የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ደመና ሲታይ የሚገዛ አይደለም፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው። ይሁንና ቤቱ በጭቃ ናዳ የተጎዳበት ሰው የኢንሹራንስ ድርጅቱ «ይህ ጎርፍ ስለሆነ አይመለከተንም» ሲለው ዝም ብሎ መመለስ የለበትም። በካሊፎርኒያ ሕግ ለጉዳቱ ዋናው መነሻ እሳቱ ከሆነ፣ የእሳት ሽፋን ያለው ሰው ለናዳውም ካሣ የሚያገኝበት መንገድ አለ፤ ከሞንቴሲቶ በኋላ የክፍለ ግዛቱ የኢንሹራንስ ኮሚሽነር ይህንኑ ለድርጅቶቹ በጽሑፍ አሳስቦ ነበር። ከወገኖቻችን መካከል የሕግ ባለሙያዎች አሉና፣ በዚህ ጉዳይ ላይ በጋዜጣችሁ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ቢሰጡ ብዙ ሰው ይጠቀማል።

ሌላም ማንሳት የምፈልገው አለ፤ እርዳታን ይመለከታል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ሰዎች ተቀበሩ፤ ጎረቤት ሁሉ አካፋና እጁን ይዞ ለማውጣት ሮጠ፤ ያኔ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ ሊያድኑ የመጡትን ጨምሮ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ወገኖቻችን በዚያ አልቀዋል። የዚያ ናዳ መነሻ እሳት አልነበረም፤ የሰዉ ጠባይ ግን የእኛው የሁላችን ጠባይ ነው። የወገናችንን ጩኸት ሰምተን የምንቀመጥ ሰዎች አይደለንም፤ በዚህም እኮራለሁ። የጭቃ ናዳ ግን በተደጋጋሚ፣ በማዕበል መልክ ነው የሚመጣው፤ የመጀመሪያው ካለፈ በኋላ ጸጥ ይልና ሁለተኛው ይከተላል። ስለዚህ ናዳ ወደ ወረደበት ሰፈር የሠለጠኑ የነፍስ አድን ሠራተኞች ሳይፈቅዱ መግባት ሌላ ቀብር ያስከትላል። እርዳታችን ሊቀድም የሚገባው ከናዳው በፊት ነው፤ ደመናው በሩቅ ሳለ፣ በስልክና በመኪና።

በእሳቱ ጊዜ ማኅበረሰባችን ያደረገውን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። በፌርፋክስ መንገድ፣ በትንሿ ኢትዮጵያ አካባቢ ያሉ ወገኖች ምግብና ልብስ ይዘው ደረሱ፤ ቤተሰቦች የማያውቁትን ሰው ቤታቸው አሳደሩ፤ ገንዘብ ተዋጣ። ያ ሁሉ የሆነው ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። እድር ሲመሠረት ጀምሮ ያለው ሥርዓት ይኸው ነው፤ ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ወሬው ለሁሉም አባል ይደርሳል፣ ማን ድንኳን፣ ማን ወንበር፣ ማን ምግብ እንደሚያመጣ ሳይነጋገር ይታወቃል። በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ የመልእክት ማስተላለፊያ ያለው ሕዝብ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ታዲያ ይህንኑ መዋቅር ለማስጠንቀቂያ ብንጠቀምበት ምን ይከለክለናል? እያንዳንዱ እድር በተቃጠሉት አካባቢዎችና ከግርጌያቸው የሚኖሩ አባላቱን መዝግቦ፣ ለእያንዳንዱ አረጋዊና ብቻውን ለሚኖር ሰው አንድ ደዋይና አንድ መኪና ያለው ሰው ቢመድብለት፣ ማስጠንቀቂያ በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ይሰማ ነበር። «እማማ፣ ሊዘንብ ነው፤ እየመጣሁ ነው፣ መድኃኒትዎን ይያዙ» የሚል የሚያውቁት ሰው ድምፅ፣ በስልክ ከሚጮኸው እንግሊዝኛ ይልቅ ከቤት ያስወጣቸዋል። እናቴን በዚያ ቀን ያስወጣት የስልኩ ጩኸት ሳይሆን፣ የምታከብራቸው የንስሐ አባቷ ደውለው «ልጆችሽን ስሚ» ማለታቸው ነው።

ለጋዜጣችሁም የተለየ ልመና አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ እስከ መጋቢት ባለው እትማችሁ ሁሉ፣ ከፊት ገጽ ላይ ትንሽ ቦታ ለዚህ ጉዳይ ስጡት። የሦስቱን የትንበያ ደረጃዎች ትርጉም፣ የማስጠንቀቂያና የትእዛዝን ልዩነት፣ ለካውንቲው የስልክ ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደሚመዘገቡ፣ ወደ 211 የእርዳታ መረጃ መስመር ደውሎ በአስተርጓሚ እርዳታ መጠየቅ እንደሚቻል በግልጽ አማርኛ አውጡ። አንባቢው ቆርጦ ማቀዝቀዣው ላይ እንዲለጥፈው በትልልቅ ፊደል ቢሆን ይመረጣል፤ የእናቶቻችን ዓይን ደክሟልና። በካውንቲው የአደጋ መከላከል ስብሰባዎች ላይም የጋዜጣችሁ ሰው ቢገኝና፣ ማስጠንቀቂያዎቹ በአማርኛም እንዲወጡ ቢጠይቅ፣ ከአንድ ግለሰብ ድምፅ ይልቅ የጋዜጣ ድምፅ ይሰማል።

ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶችና ለማኅበራት አስተዳዳሪዎች ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከተራራው ርቀው ያሉ፣ ሰፋ ያለ አዳራሽ፣ መጸዳጃና ማሞቂያ ያላቸው ቦታዎች በማስጠንቀቂያ ሌሊት በራቸውን ይክፈቱ። ብዙ ሰው የማይወጣው የሚሄድበት ስለሌለው ወይም ዘመድ ማስቸገር ስለሚያፍር ነው፤ በሆቴል ለማደርም በዝናብ ቁጥር የሚከፍለው የለውም። አዳራሹ ናዳ በሚያልፍበት መስመር ላይ አለመሆኑ በካውንቲው የአደጋ ካርታ ይረጋገጥ፤ የላ ክሬሴንታዎቹ ሰዎች የተሸሸጉበት አዳራሽ የሆነውን አይተናል። ፍራሽና ብርድ ልብስ ከአሁኑ ይሰብሰብ፤ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆን፣ እሱ ባይገኝ ተተኪው ማን እንደሆነ፣ የሁለቱም ስልክ ቁጥር ከዚህ ወር መጨረሻ በፊት ለምእመናኑ ይነገር።

ከአክብሮት ጋር፣
የአልታዲና ነዋሪ፣ ካሊፎርኒያ